ስክሪቭነር በፊልም ጸሐፊ እጅ፦ ከስክሪፕት ወደ ልብ ወለድ

የ110 ገጽ ስክሪፕት 20,000 ቃል ገደማ ነው። ረጅም ልብ ወለድ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከ80,000 እስከ 100,000 ቃል ይሄዳል። (ቁጥሮቹ በእንግሊዝኛ ቃል የተቆጠሩ ናቸው። አማርኛ "ከ"ን፣ "ለ"ን እና "የ"ን ከቃሉ ጋር ስለሚያጣብቅ ቁጥሩ ያንሳል፤ ምጣኔው ግን ብዙም አይለወጥም።) ፊልም ሲጽፍ የኖረ ሰው ልብ ወለድ ሲጀምር መጀመሪያ የሚገጥመው ይህ የርዝመት ጉዳይ ነው። የስክሪፕት መጻፊያው ሶፍትዌር ፋይናል ድራፍት ለዚህ አልተሠራም። ማይክሮሶፍት ዎርድ ደግሞ ሥራውን በአንድ ረጅም ፋይል ስለሚይዘው ምዕራፍ 4 ላይ የተናገራችሁትን ከምዕራፍ 19 ጋር ለማስተያየት ስትወጡ ስትወርዱ ትውላላችሁ።

ስክሪቭነር የተባለው የመጻፊያ ሶፍትዌር ለዚህ ሽግግር የሚመከርበት ዋና ምክንያት ጸሐፊው በትዕይንት ማሰቡን ሳይተው ርዝመቱን እንዲሸከም ማስቻሉ ነው። ወጥመዱም ከዚያው አይርቅም። የፊልም ጸሐፊ ሶፍትዌሩን ከፍቶ ገና ሲያየው ደስ የሚለው ክፍል፣ የካርድ ሰሌዳው፣ ልብ ወለዱን ከሁሉ በላይ የሚያዘገይበት ነው።

ስለ ሶፍትዌሩ ባጭሩ። የሚሠራው እንግሊዝ አገር ያለ ሊትሬቸር ኤንድ ላቴ የተባለ ትንሽ ድርጅት ነው። ለማክ በ2007 እ.ኤ.አ.፣ ለዊንዶውስ በ2011፣ ለአይፎንና ለአይፓድ በ2016 ወጣ። ሦስተኛው ስሪት ለማክ በ2017፣ ለዊንዶውስ በ2021 ደርሷል። ለአንድሮይድ የለም። ክፍያው በየወሩ ሳይሆን አንዴ ነው፤ ሆኖም የማኩ፣ የዊንዶውሱና የአይፓዱ ፈቃድ የተለያየ ነው።

ስክሪፕቱን ማስገባት

ከምንም በፊት አንድ ከሶፍትዌሩ ውጭ የሆነ ነገር፦ ስክሪፕቱ ለፕሮዲውሰር የተሸጠ ከሆነ ውሉን አውጥታችሁ አንብቡ። ታሪኩን ወደ መጽሐፍ የመለወጥ መብት የማን እንደሆነ ሳይታወቅ 300 ገጽ መጻፍ ኋላ ላይ ጠበቃ ያስቀጥራል።

መብቱ የእናንተ ከሆነ "ፋይል" ከሚለው ዝርዝር "ኢምፖርት" ውስጥ ገብታችሁ "ኢምፖርት ኤንድ ስፕሊት" የሚለውን ምረጡ። የፋይናል ድራፍቱን ኤፍዲኤክስ ፋይል ስትሰጡት በየትዕይንቱ ርዕስ ላይ እየቆረጠ እያንዳንዱን ትዕይንት ራሱን የቻለ ዶክመንት ያደርገዋል፤ 60 ትዕይንት ያለው ስክሪፕት በግራ በኩል ባለው ማውጫ ("ባይንደር" ይሉታል) 60 መስመር ሆኖ ይደረደራል። በፋውንቴን አጻጻፍ (ስክሪፕትን በተራ ጽሑፍ የመጻፊያ ዘዴ ነው) የተሰናዳ ፋይልም በዚሁ መንገድ ይገባል። በእጃችሁ ያለው ፒዲኤፍ ብቻ ከሆነ ግን ማስገባት ትችላላችሁ እንጂ አይቆረጥም፤ ለማየት ብቻ ነው የሚያገለግለው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የገባውን ስክሪፕት "ማኑስክሪፕት" በሚለው ፎልደር ውስጥ እንዳትተዉት፤ ወደ "ሪሰርች" ጎትቱት። ምክንያቱ ሁለት ነው። ሶፍትዌሩ የልብ ወለዱን ቃል የሚቆጥረውና መጨረሻ ላይ መጽሐፍ አድርጎ የሚያወጣው ማኑስክሪፕት ውስጥ ያለውን ብቻ ነው። አሮጌው ስክሪፕት እዚያ ከተቀመጠ ገና አንድ ዓረፍተ ነገር ሳትጽፉ 20,000 ቃል የጻፋችሁ ይመስላል። ሁለተኛ፣ የገቡት ዶክመንቶች በስክሪፕት ሁነታ ነው የሚቀመጡት። ኢንተር በተጫናችሁ ቁጥር መስመሩ ወደ ምልልስ ወይም ወደ ድርጊት ይቀየራል፣ ጠርዙም ይሸሻል። እዚያው ላይ ትረካ መጻፍ የጀመረ ሰው ሳያውቀው እንደ ስክሪፕት እያጠረ ይሄዳል።

ልብ ወለዱ ባዶ ገጽ ይፈልጋል። "ኖቨል" የሚለውን አብነት ስትከፍቱ ፎልደር ማለት ምዕራፍ፣ ዶክመንት ማለት ትዕይንት ሆኖ ተዘጋጅቶ ይመጣል። 60ውን የፊልም ትዕይንት አንድ ለአንድ እየገለበጣችሁ 60 ዶክመንት አትክፈቱ። ኮሪደር ላይ መራመድ፣ መኪና ውስጥ መግባት፣ ስልክ አንስቶ "እሺ መጣሁ" ማለት የመሳሰሉት ካሜራ ሰውን ከቦታ ቦታ ለማድረስ የሚፈልጋቸው ናቸው። ልብ ወለድ "በማግስቱ" በሚል አንድ ቃል ይሻገራቸዋል። ስክሪፕቱ ላይ ከግማሽ ገጽ በታች የሆኑትን ትዕይንቶች ለይታችሁ እዩ፤ ቀድመው የሚወድቁት እነሱ ናቸው።

ግራና ቀኝ መጻፍ

ለዚህ ሥራ የሶፍትዌሩ ምርጥ ነገር ገጹን ለሁለት መክፈሉ ነው። በግራ ስክሪፕቱን ትከፍታላችሁ፣ በቀኝ ባዶውን ዶክመንት። ግራውን ብትቆልፉት በማውጫው ላይ ሌላ ነገር ስትጫኑ አብሮ አይቀየርባችሁም።

በግራ በኩል እንዲህ ያለ ትዕይንት አለ እንበል፦

ውስጥ። ወጥ ቤት። ሌሊት።
ሰናይት ደብዳቤውን ቆማ ታነባለች። አጥፋ ስኳር ዕቃው ሥር ታስገባዋለች። ከበሩ ወዲያ ኮቴ። ቧንቧ ትከፍታለች።

ለፊልም ይህ በቂ ነው። የተዋናይዋ ፊት አለ፤ መብራቱ አለ፤ የውሃው ድምፅ አለ፤ ኤዲተሩም የት ላይ እንደሚቆርጥ ያውቃል። ጀማሪ ልብ ወለድ ጸሐፊ የሆነ የፊልም ሰው በቀኝ በኩል የሚጽፈው የመጀመሪያ ረቂቅ ብዙ ጊዜ ይህንኑ ወደ ኃላፊ ጊዜ የለወጠ ነው፦ "ሰናይት ደብዳቤውን ቆማ አነበበች። አጥፋ ስኳር ዕቃው ሥር አስገባችው። ኮቴ ሰማች። ቧንቧ ከፈተች።" ይህ የድርጊት ዝርዝር ነው። ተዋናይዋ፣ መብራት ሠሪውና ድምፅ ባለሙያው ሲሠሩት የነበረውን ማንም አልሠራውም።

አሁን ደግሞ ይህን አስተያዩት፦ "ስኳር ዕቃው ሥር አስገባችው። ባሏ ስኳር ካቆመ ዓመት አልፎታል፤ በዚህ ቤት ከዚያ የተሻለ መደበቂያ አልነበረም። ኮቴው በሩ ዘንድ ሲደርስ ቧንቧውን ከፈተች፤ የምታጥበው ግን አልነበራትም።" ባልየው ስኳር ማቆሙን ካሜራ አያይም። ስክሪፕት ላይ ይህን ለመናገር ሌላ ትዕይንት ወይም የተፈበረከ ምልልስ ያስፈልግ ነበር። ልብ ወለድ በግማሽ ዓረፍተ ነገር ባል እንዳለ፣ ዕቃውን ማን እንደሚነካ፣ መደበቅም ለሴትዮዋ አዲስ እንዳልሆነ አስገባ። አምስት ገጽ የልብ ሐሳብ መደርደር ሌላው ጫፍ ነው፤ እሱም አይጠቅምም።

እዚህ ላይ የሚያግዘው በቀኝ ጠርዝ ያለው መቆጣጠሪያ ("ኢንስፔክተር") ነው። የፊልም ትዕይንት ባለቤት የለውም፤ ካሜራው ሁሉንም ያያል። የልብ ወለድ ትዕይንት ግን በአንድ ሰው ዓይን የሚታይ ከሆነ የዚያን ሰው ዕውቀትና ድንቁርና አይዘልም። "ሌብል" የሚለውን ቦታ ለትረካ አንጻር ስጡት፤ ለሰናይት ቀይ፣ ለባሏ ሰማያዊ፣ እያላችሁ ቀለም መድቡ። ስክሪቭነር ለአንድ ዶክመንት አንድ ሌብል ብቻ ነው የሚፈቅደው፤ ይህ ገደብ ለፊልም ጸሐፊ መድኃኒት ነው። የትኛውን ቀለም ልስጥ ብላችሁ ከተቸገራችሁ፣ በአንድ ትዕይንት ውስጥ ከሰው ራስ ወደ ሰው ራስ እየዘለላችሁ ነው ማለት ነው። ያን ጊዜ ጠቋሚውን ዝላዩ ላይ አቁማችሁ በማክ ኮማንድና ኬ፣ በዊንዶውስ ኮንትሮልና ኬ ብትጫኑ ዶክመንቱ ለሁለት ይቆረጣል። ከሌብሉ ሌላ "ከስተም ሜታዳታ" (ራሳችሁ የምትሰይሙት የመረጃ ቦታ) ውስጥ አንድ ተጨማሪ መስመር ክፈቱ፦ "ይህ ሰው እዚህ ላይ ምን አያውቅም?" የሚል። ኋላ ትዕይንቶችን ስታቀያይሩ የዚህ መስመር ዋጋ ይታያችኋል።

የካርድ ሰሌዳው

"ኮርክቦርድ" የሚሉት ክፍል እያንዳንዱን ዶክመንት በካርድ መልክ ያሳያል፤ ካርዱ ላይ ርዕስና አጭር ጭብጥ ይጻፋል፣ በመዳፊት እየተጎተተ ቦታ ይቀያየራል። የፊልም ጸሐፊዎች ግድግዳ ላይ ሲለጥፉት የኖሩት ነው። ስለዚህም ሁሉም ይወዱታል፤ ብዙዎቹም ከዚያ አይወጡም።

ፊልም ላይ ካርድ ማዛወር ርካሽ ነው፤ ትዕይንቱ የአንድ ወይም የሁለት ደቂቃ ነገር ነው፣ መቼቱም ርዕሱ ላይ ተጽፏል። ልብ ወለድ ላይ ግን አንድ ትዕይንት ትረካ ሆኖ ከተጻፈ በኋላ ከምዕራፍ 9 ወደ ምዕራፍ 5 ሲዛወር "ትናንት" የሚለው ቃል ውሸት ይሆናል፤ ገጸ ባሕርይዋ ገና ያልሰማችውን ነገር ታስታውሳለች፤ የተራኪው ድምፅም አራት ምዕራፍ ያህል ቀድሞ ይበስላል። ካርዱ ይህን አያሳይም። ሰሌዳው ላይ ሁሉም ነገር አምሮ ተሰድሮ ይታያል፣ ጽሑፉ ግን ተሰብሯል።

ስለዚህ ካርዱን ትረካ እስክትጀምሩ ብቻ ተጠቀሙበት። ከዚያ በኋላ "አውትላይነር" ይሻላል፤ በማክ በኮማንድና 3፣ በዊንዶውስ በኮንትሮልና 3 ይከፈታል። የቃል ብዛት፣ ሌብልና ያ "ምን አያውቅም" ያላችሁት መስመር ጎን ለጎን በዓምድ እንዲታዩ አድርጉ። ትዕይንት 12 አራት ሺህ ቃል፣ ትዕይንት 13 ሦስት መቶ ሆኖ ስታዩ የት ጋ ስክሪፕት ጽፋችሁ እንዳለፋችሁ ወዲያው ይገባችኋል።

ሌላው "ስክሪቭኒንግስ" ነው። ብዙ ዶክመንቶች መርጣችሁ ኮማንድ ወይም ኮንትሮል ከ1 ጋር ስትጫኑ ተቀጣጥለው እንደ አንድ ጽሑፍ ይነበባሉ። በፊልም ሠፈር "ትዕይንት ውስጥ ዘግይተህ ግባ፣ ቀድመህ ውጣ" ይባላል፤ ለፊልም ትክክል ነው። በልብ ወለድ ግን ሃያ ምዕራፍ በተከታታይ በመቁረጥ ሲያልቅ አንባቢ ይደክማል፤ አንዳንዴ ትዕይንቱ ካለቀ በኋላ ገጸ ባሕርይዋ ጋር ጥቂት መቀመጥ ይፈልጋል። ዶክመንት በዶክመንት ስትሠሩ ይህ ጉድለት አይሰማም። አሥር ትዕይንት አቀጣጥላችሁ ጮክ ብላችሁ ስታነቡት ግን ይሰማል።

የቀን ግብ

"ፕሮጀክት ታርጌትስ" ውስጥ ጠቅላላ የቃል ግብ፣ የመጨረሻ ቀንና የምትጽፉባቸውን የሳምንት ቀናት ትሞላላችሁ፤ የቀን ድርሻውን እሱ ያሰላል። 80,000 ቃል በ26 ሳምንት፣ በሳምንት አምስት ቀን ቢባል ለ130 ቀን በቀን 615 ቃል ገደማ ይደርሳል። አንድ ቀን ብታጓድሉ በማግስቱ ቁጥሩን አስተካክሎ ይጠብቃችኋል። የቀኑ ቁጥር ከዜሮ በታች እንዲወርድ የሚፈቅደውን ምርጫ አብሩት፤ አለዚያ ከጻፋችሁት በላይ ብትሰርዙም ቁጥሩ ዜሮ ላይ ይቆማል። ለየትዕይንቱ ግብ ማስቀመጥም ይቻላል፤ እሱን ግን አንመክርም፤ የፊልም ጸሐፊ ገደብ ሲያይ የመሙላት ልማድ አለው።

ፋይሉን አለማጣት

"ስናፕሾት" (ኮማንድ ወይም ኮንትሮል ከ5 ጋር) አንድን ዶክመንት አሁን ባለበት መልኩ ያስቀምጣል፤ ትዕይንቱን ከማፍረሳችሁ በፊት ተጫኑት፣ ካልወደዳችሁት ትመልሱታላችሁ። ነገር ግን ስናፕሾት የሚቀመጠው እዚያው ፕሮጀክቱ ውስጥ ስለሆነ ኮምፒውተሩ ቢበላሽ አብሮ ይሄዳል።

የስክሪቭነር ፕሮጀክት አንድ ፋይል ይምሰል እንጂ በውስጡ ብዙ ጥቃቅን ፋይሎችን የያዘ ፎልደር ነው። ይህን ያላወቀ ሰው ፋይሎችን በኢንተርኔት በሚያመሳስለው በድሮፕቦክስ ሁለት ኮምፒውተር ላይ ሲሠራ አንዱ ልኮ ሳይጨርስ ሌላው ይከፈትና ግማሹ አዲስ፣ ግማሹ አሮጌ የሆነ ጽሑፍ ይገጥመዋል። ሥርዓቱ ይህ ነው፦ ፕሮጀክቱን ዝጉ፤ ማመሳሰያው መጨረሱን የሚያሳየውን ምልክት ጠብቁ፤ ከዚያ ኮምፒውተሩን አጥፉ። በሌላው ስትከፍቱም መጀመሪያ ወርዶ እስኪያልቅ ታገሡ። በሥራ ላይ ያለ ፕሮጀክት ጉግል ድራይቭ ላይ እንዳይቀመጥ ድርጅቱ ራሱ ያስጠነቅቃል። የአይፓዱ ስሪት የሚመሳሰለው በድሮፕቦክስ ነው።

ሶፍትዌሩ ፕሮጀክቱን በዘጋችሁ ቁጥር መጠባበቂያ ቅጂ ይወስዳል፣ ጥሩ ነው። ሲጫን ግን የመጨረሻዎቹን አምስት ብቻ እንዲይዝ ተደርጎ ነው የሚመጣው። በቀን አምስት ጊዜ የሚከፍትና የሚዘጋ ሰው የትናንቱን ቅጂ ዛሬ ማታ አያገኘውም ማለት ነው። ከሴቲንግስ "ባክአፕ" ውስጥ ቁጥሩን ወደ 25 አንሡ ወይም ሁሉንም ያዝ በሉት፤ ማስቀመጫውንም ከፕሮጀክቱ የተለየ ቦታ አድርጉ።

መጽሐፉን ማውጣት

"ኮምፓይል" የሶፍትዌሩ ደካማ ጎን ነው። አቅም ስላነሰው አይደለም፤ ወደ ዎርድ፣ ወደ ፒዲኤፍ፣ ወደ ኢፐብ (የኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ ፋይል)፣ ወደ ፋይናል ድራፍትም ያወጣል። ክፋቱ ጽሑፉን የምትጽፉበት መልክና የሚወጣበት መልክ ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸው ነው። ያያችሁትን አታገኙም። ብዙ ሰው የሚያማርረው በየትዕይንቱ ራስ ላይ "ምዕራፍ" የሚል ርዕስ መውጣቱን ነው፤ ምክንያቱም ዶክመንቱ ትዕይንት ይሁን ምዕራፍ አልተነገረውም። "ፕሮጀክት ሴቲንግስ" ውስጥ "ሴክሽን ታይፕስ" የሚል አለ፤ ፎልደር ምዕራፍ፣ ዶክመንት ትዕይንት ብላችሁ በደረጃ አስይዙ፤ ከዚያ በኮምፓይል መስኮት ለእያንዳንዱ ዓይነት መልክ ምረጡለት። በትዕይንቶች መካከል የሚገባውን ምልክትም እዚያው ትወስናላችሁ።

በአማርኛ ለሚጽፍ አንድ ተጨማሪ፦ ኮምፓይል የራሱን ፎንት በእናንተው ላይ ይጭናል፣ እሱ ደግሞ ብዙ ጊዜ የግዕዝ ፊደል የሌለው የላቲን ፎንት ነው። መልክ ስትመርጡ ፎንቱን ግዕዝ ወዳለው ለውጡት፤ አለዚያ የመስመሩ ቁመት እየተዛባ፣ አንዳንዴም ፊደሉ ባዶ ሳጥን ሆኖ ይወጣል።

ረቂቁ አርታኢ ዘንድ ከሄደ በኋላ ወደ ስክሪቭነር አትመልሱት። አርታኢዎች የሚሠሩት በዎርድ ነው፤ እርማቱን እያሳየ የሚይዝ ተመሳሳይ አሠራር እዚህ የለም፤ ያለው የተጨመረውን በቀለም የሚለይ ብቻ ነው። ሁለት ሰው ባንድ ጊዜ ገብቶ መጻፍም አይችልም፤ በጋራ መጻፍ ለለመደ የተከታታይ ድራማ ቡድን ይህ ይከብዳል።

ፋይናል ድራፍትንም አትጣሉት። ቀረጻ የገባ ስክሪፕት ገጹ ይቆለፋል፣ ትዕይንቱ ይቆጠራል፣ ማሻሻያው በቀለም ይለያል። ስክሪቭነር ስክሪፕት መጻፊያ አለው፤ የመጀመሪያ ረቂቅም ይወጣበታል። ለቀረጻ ግን አይበቃም።

ከመግዛታችሁ በፊት ለ30 ቀን በነጻ ይሰጣል፤ የሚቆጠረውም የከፈታችሁበት ቀን ብቻ ነው። በሳምንት ሁለት ቀን ብትከፍቱት 15 ሳምንት ይቆያል። ቀኑን ካርድ በማስጌጥ አትጨርሱት። ስክሪፕታችሁን አስገቡ፣ ሦስት ትዕይንት ወደ ትረካ ለውጡ፣ ከዚያ ሦስቱን በኮምፓይል ወደ ዎርድ አውጥታችሁ በሌላ ኮምፒውተር ላይ ክፈቷቸው። ፎንቱ፣ ርዕሱና አንቀጹ በትክክል ከወጣላችሁ ግዙት።